አምስት የሳልሳ ጣሳዎችና የወይዘሮ ዘይነባ ቀኝ እጅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። ንግግር ተደረገ፣ ለስላሳ ተጠጣ፤ ከዚያ «ለማስታወሻ ከክፍልህ የምትወስደው ነገር ይኖር ይሆን?» ተባልኩ። አምስቱን የዛጉ የሳልሳ ጣሳዎች እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። የንብረት ክፍሉ ሰው መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አገላብጦ «እንዲህ የሚባል ንብረት የለንም» አለኝ። «ከሌላችሁማ ልውሰደው» አልኩና በጋቢዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

አሁን ጣሳዎቹ መስኮቴ ላይ ተደርድረዋል። አንጎሉ ተጎድቶ እጅ እግሩ ለከዳው ሰው ዛሬ ብዙ ነገር አለ። የሚያነሣና የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ አለ፤ በዚሁ ትምህርት የተመረቁ ጎበዝ ልጆችም አሉ። ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው፦ ለአንድ ሰው ይህን ሁሉ ወር መልፋት ያዋጣል ወይ? እኔ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት በወጣትነቴ አሰላ ላይ ነው። መልሱንም ያገኘሁት እዚያው ነው፤ ያውም አንድ ሰው ከበደልኩ በኋላ።

ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት፣ ሆኜ የተቀጠርኩት በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ በቆጂ ነበር፤ አንዲት ክፍል፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ጠዋት ጠዋት ጣቴን በትንፋሼ ካላሞቅሁ መርፌ የማያስይዝ ብርድ። ደመወዙ የሚወራ አይደለም። ሁለት ክረምት እዚያ ከቆየሁ በኋላ ወደ አሰላ ተዛወርኩ። አሰላ ውስጥ ያኔ አሥራ ሁለት አልጋ ያላት ሕክምና ቤት ነበረችን። ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ በቀረው ቀን ሥራው በእኛ በድሬሰሮቹ ላይ ነው። ከእኛ በላይ ደግሞ አስተዳዳሪው አቶ ሽፈራው አሉ።

አቶ ሽፈራውን ክፉ ሰው አድርጌ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልነበሩም። ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብሱ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ፣ ጉቦ አጠገባቸው የማይደርስ ሰው ነበሩ። አንድ ትልቅ መዝገብ አላቸው። በየአልጋው ማን እንደተኛ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ «ድኖ ወጣ» ወይስ «ሞቶ ወጣ» የሚለው በቀይና በሰማያዊ ቀለም ይሰፍርበታል። አልጋ ላይ የሚቆይ ሰው ሲያዩ እግራቸው ላይ የተቆመባቸው ያህል ፊታቸው ይኮሳተራል። እውነታቸውንም ነው፤ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ቃሲም ናቸው። የአሰላ ተወላጅ ሙስሊም፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቁመናቸው አጠር ያለ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እኩል የሚቀልዱ ነባር ድሬሰር ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ወታደር ቤት ሕክምና ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሳሉ፣ ጭንቅላታቸው የተመታ ወታደሮች እጅና እግራቸውን እንደ ሕፃን እንደገና ሲማሩ አይተዋል። ዕውቀታቸውም ጣሳዎቹም የተገኙት ከዚያ ነው።

የጣሳዎቹ ነገር እንዲህ ነው። አንዱ ባቄላ፣ ሁለተኛው አተር፣ ሦስተኛው ገብስ፣ አራተኛው ተልባ ይዟል። አምስተኛው ባዶ ነው። በሽተኛው በደከመው እጁ ከባቄላው ጀምሮ አንድ አንድ እያነሣ ባዶው ውስጥ ይጥላል። ባቄላው ሲቀለው አተር፣ ከዚያ ገብስ ይቀርብለታል። ተልባ የደረሰ ሰው ቁልፉንም መቆለፍ፣ እንጀራውንም መቁረስ ይችላል። ጋሽ ቃሲም አጠገቡ ቁጭ ብለው አያዩትም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው በጆሯቸው ይከታተሉታል። ጥሬዋ ባዶው ጣሳ ውስጥ ቷ ስትል «ቶኮ» ይላሉ፤ ደግሞ ቷ ስትል «ለማ»፤ እያሉ በኦሮምኛ ይቆጥራሉ።

የተጨበጠ እጅ እንዴት እንደሚከፈትም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ መጀመሪያ ጣት ጣቱን ይዤ ስጎትት እጄን መቱኝ። «ስትታገለው እሱም ይታገልሃል» አሉኝ። መጀመሪያ እጁ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የእጅ አንጓው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቀጥሎ አውራ ጣቱ ከሥሩ ተይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ይኼኔ ሌሎቹ አራቱ ማንም ሳይነካቸው ይላላሉ። ቅቤ ተቀብቶ ይታሻል። ይህ በቀን አራት ጊዜ ነው፤ አንድ ቀን ከተዘለለ የሦስት ቀን ሥራ ይበላሻል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ልማዳቸው ግን ሌላ ነበር። በሽተኛው ጥሬ ለማንሣት መታገል ሲጀምር፣ ጋሽ ቃሲም ከኪሳቸው ቁራጭ ፋሻ አውጥተው የራሳቸውን ሁለት እጆች ወደ ኋላ ያስራሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እጄን አላምነውም። ሊረዳው ይሮጣል» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ።

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ።

አቶ በየነ የሮቤ እህል ነጋዴ ነበሩ። በቅሎ ጥላቸው ጭንቅላታቸው ድንጋይ ላይ አረፈና፣ ሲነቁ የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ጋሽ ቃሲም በዚያን ጊዜ ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ በሽተኛው የእኔ ሆነ። ቀኙን ጥቂት ቀን ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አይልም። ግራው ግን ደህና ነው። ስለዚህ ግራውን አስተማርኩት። በሁለተኛው ሳምንት አቶ በየነ በግራቸው ማንኪያ ይዘው ይበላሉ፣ ቁልፋቸውን ይቆልፋሉ፣ ስማቸውን ይጽፋሉ። በሦስተኛው ሳምንት በከዘራ እየተራመዱ ወጡ። አቶ ሽፈራው በሰማያዊ ቀለም «ድኖ ወጣ» ብለው ጻፉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ጋሽ ቃሲም ከፈቃድ ተመልሰው ይህን ሲሰሙ «ቀኙስ?» አሉኝ።

«ቀኙ አይሆንም ጋሽ ቃሲም። ግራው ይበቃቸዋል።»

«ለምኑ ይበቃቸዋል?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ቅናት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በዓመቱ ለፈንጣጣ ክትባት ሮቤ ተላክሁ። የዳነ በሽተኛዬን አይቼ ልደሰት ብዬ አቶ በየነ ቤት ጎራ አልኩ። ምሳ ሰዓት ነበር። ዘመድና ጎረቤት ገበታ ከብቦ ይበላል፤ አቶ በየነ የሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከመጋረጃ ጀርባ ወዳለ አልጋ ወሰዱኝ። እዚያ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፤ ሚስታቸው እያጎረሷቸው ነው።

«በግራዎ ይበሉ አልነበር እንዴ?» አልኳቸው።

አቶ በየነ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ አንተ ዘንድ ብቻዬን በሰሐን፣ በማንኪያ እበላ ነበር» አሉኝ። «እዚህ ገበታው የጋራ ነው። ሰው ቀርቦ ሳለ ግራ እጄን ማዕድ ላይ ልስደድ? ለቅሶ ቤት ሄጄስ ግራዬን ልዘርጋ? ፊርማዬ ቆንጆ ናት፤ እግዜር ይስጥህ። የምፈርመው ነገር ግን የለኝም።»

ከቤት መውጣት ትተው ነበር። ሱቁ ተዘግቷል። ትልቁ ልጃቸው የአስተማሪነት ሥራውን ለቆ ያለቻቸውን ማሳ ሊጠብቅ መጥቷል። ወይዘሮ አስካለ ከአልጋው ሥር አይርቁም። የአቶ በየነን ቀኝ እጅ ሳየው ደግሞ ጭብጥ ብሎ ደርቋል፤ ጥፍሩ አድጎ መዳፋቸውን ወግቶታል።

እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። በልጅነቴ ግራ እጄ ወደ ገበታ ከተንቀሳቀሰ እናቴ በማማሰያ ትመታኝ ነበር። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ነጩን ካፖርት ስለብስ የማውቀውን ሁሉ በር ላይ ሰቅዬ ስለምገባ ነው።

አሰላ ተመልሼ ሁሉንም ለጋሽ ቃሲም ነገርኳቸው። ቅዳሜ በጭነት መኪና አብረውኝ ሮቤ ወረዱ። የአቶ በየነን እጅ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ አንጓውን አጥፈው፣ ቅቤ ቀብተው ግማሽ ቀን ሞከሩ። መዳፉን ለመታጠብ ያህል ተከፈተ። ጥፍሩን ቆረጥንላቸው፤ ከዚያ በላይ አልሆነም። ስንመለስ ጋሽ ቃሲም መኪናው ላይ አንድም ቃል አልወቀሱኝም። እኔ ግን አለቀስኩ።

ወይዘሮ ዘይነባ የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከጎበሳ ወዲያ ካለ መንደር፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ዕድሜዋ ሠላሳ የማይሞላ። ፈረስ ጭንቅላቷን ረግጧት ቀኝ ጎኗ ዝሏል፣ አንደበቷም ተሳስሯል። ባሏ አማን በቃሬዛ አሸክሞ አመጣት። ቤታቸው የሚኖረው በላምና በቅቤ ነው፤ የምታልበው፣ የምትንጠው፣ ገበያ የምታወጣው እሷ ናት።

አማን መልካም ባል ነበር፤ ለእኛ ሥራ ግን ከአማን የባሰ ጠላት አልገጠመንም። በምልክት ውኃ ስትጠይቅ ጽዋውን ከንፈሯ ላይ ያደርሳል። ለመነሣት ስትሞክር አቅፎ ያነሣታል። ባቄላዋን ስታሳድድ እሱ ለቅሞ ይጥልላታል። ጋሽ ቃሲም ሁለት ቀን ታገሡት። በሦስተኛው ቀን ፋሻቸውን አወጡና «አማን፣ ሀርካ ኬ ሂዺ» አሉት፤ እጅህን እሰር ማለታቸው ነው። የቀለዱ መስሎት ሲስቅ ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላ አሰሩት። ያ ወዝ ያለው ጎልማሳ እጁን እንደታሰረ ሚስቱ ከአንዲት ባቄላ ጋር ስትታገል እያየ እንባው በጉንጩ ወረደ። እንባውን የሚጠርግበት እጅ እንኳ የለውም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ባቄላው አልተነሣም። አቶ ሽፈራው መዝገባቸውን ይዘው መጡ።

«አቶ ቃሲም» አሉ፣ «ሁለት የሳምባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ወለል ላይ ተኝተዋል። በዚህች ሴትዮ አልጋ ስንት ሰው ይድንበት ነበር? ግራ እጇን አስተምራችሁ ስደዷት። ለአቶ በየነ ሠርቷል አይደል?»

ያን ጊዜ እኔ አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ አለቃ ፊት ድምፄን ያሰማሁት ያን ቀን ነው። አቶ በየነን ምን እንዳደረግኳቸው፣ መጋረጃውን፣ ጥፍሩን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ጋሽ ቃሲም ከጣሳው ሦስት ባቄላ አንሥተው መዝገቡ ላይ አኖሩ።

«ይኼ በየነ ነው። ይኼ የምታጎርሰው ሚስቱ ናት። ይኼ ሥራውን የተወው ልጁ ነው» አሉ። «እርስዎ አንድ ሰው ድኖ ወጣ ብለው ጻፉ። ሦስት ሰው ነው የታሰረው፤ ያውም ዕድሜ ልክ። ይህችን ዛሬ ብንሰዳት ማን ያልባል? አማን ያልባል። እርሻውን ማን ያርሳል? ትልቋ ልጅ እናቷን ስታጎርስ ታድጋለች። ታዲያ የሚረክሰው የትኛው ነው፣ አልጋው ወይስ ይኼ ሁሉ?»

አቶ ሽፈራው ባቄላዎቹን አንድ በአንድ አዩ። «የሚሉት ይገባኛል። ሕፃናቱ ግን አሁንም ወለል ላይ ናቸው» አሉ።

«አልጋውን ይውሰዱት» አሉ ጋሽ ቃሲም ወዲያው። «እሷ የምትፈልገው አልጋ አይደለም፤ እኛን ነው። ከጓሮዬ ያለች ክፍል ትበቃቸዋለች። ለሁለታችን ከሥራ ሰዓት ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት ይስጡን፤ የቀረውን ከራሳችን እንጨምራለን።»

እኔን አላማከሩኝም። የምሳ ሰዓቴና የማታ ዕረፍቴ በዚያው ሄደ፤ በልቤ ትንሽ አጉረምረምኩ። አቶ ሽፈራው ተስማሙ። ቃላቸው ግን ቀላል አልነበረም፦ «ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ አያለሁ። ያ እጅ ካልሠራ፣ ከዛሬ ወዲያ እንዲህ ያለ በሽተኛ ከሦስት ሳምንት በላይ አይቆይም።» ስለዚህ ነገሩ የዘይነባ ብቻ መሆኑ ቀረ። ከእሷ በኋላ የሚመጡት ሁሉ በዚያች ባቄላ ላይ ተንጠለጠሉ።

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ እኛ ያንን እጅ እናሻለን። ሐምሌ ተጋመሰ። አንድ ቀን አላስችል አለኝ። ጋሽ ቃሲም እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ እኔ ባቄላዋን በትንሿ ጣቴ ወደ ዘይነባ ጣቶች ገፋ አደረግኩና ጣሳው ውስጥ አስገባሁላት። ቷ አለ። ጋሽ ቃሲም አልቆጠሩም።

«ያ የእሷ ባቄላ አይደለም» አሉ ሳይዞሩ። «የእሷ ሲወድቅ መጀመሪያ የጣሳውን ከንፈር ይነካል።»

የራሳቸውን ፋሻ ፈትተው ወደ ኋላ ወረወሩልኝ። የዚያን ጊዜ አልሳቅኩም፤ አማን የራሱ እጅ እንደታሰረ በጥርሱ አሰረኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና አማን እንደ ተያዙ ሌቦች ጎን ለጎን ቆመን እናያታለን።

የመጀመሪያዋ ባቄላ የገባችው የነሐሴ ጭቃ ሳይደርቅ ነው። መጀመሪያ የጣሳውን ከንፈር ነካች፣ ከዚያ ወደቀች። ጋሽ ቃሲም ሳይዞሩ «ቶኮ» አሉ። ከዚያ በኋላ በር የተከፈተ ያህል ሆነ። አተሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ገብሱና ተልባው ከዚያ ቶሎ መጡ። አንደበቷም አብሮ ተፈታ፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ አማንን ተሳደበች ይባላል፣ እሱ ግን እየሳቀ ይክዳል።

መስከረም ላይ አቶ ሽፈራው ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። የጋሽ ቃሲም ባለቤት ሽሮ በአንድ ገበታ አቅርባ ነበር። ዘይነባ እጇን ታጥባ ቀኟን ዘረጋች። እንጀራውን ቆረሰች፤ ጠቀለለች፤ ጉርሻዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወደቀም። እኛ አፏ ውስጥ ሲገባ ልናይ ስንጠብቅ፣ እጇ አቅጣጫ ቀየረና ወደ አማን ሄደ። አማን ከልማድ የተነሣ እጁ ወደ ኋላ እንደታሰረ ተቀምጧል። አጎረሰችው። አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ከእኛ ጋር በሉ። በማግስቱ መዝገባቸው ላይ በማስመሪያ አዲስ ረድፍ አሰመሩ፤ ርእሱ «ቤቱ ገብቶ ምን ይሠራል?» የሚል ነበር። እንዲያ ያለ ጥያቄ በየትኛውም የመሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

እኔ ግን ሕክምና ቤት ውስጥ ያየሁትን ማመን ትቼ ነበር። አቶ በየነም ከእኛ ዘንድ ሲወጡ ደህና ነበሩ። ስለዚህ ክረምት አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ለሥራ ጎበሳ የሄድኩ ጊዜ፣ በቅሎ ለምኜ እስከ መንደራቸው ዘለቅሁ። መጋረጃ እንዳላይ እየፈራሁ ነው በሩን የረገጥኩት።

አማን ከጁምዓ ሶላት ገና መመለሱ ነው፤ አቅፎ ሳመኝ። ዘይነባ ከበረት ስትወጣ አየኋት። አሁን ያለበችውን ወተት ይዛለች። አስቀመጡኝና ጓዳ ገብታ አንድ ትልቅ ጽዋ ወተት እስከ አፍ ገደፉ ሞልታ ብቅ አለች። በቀኝ እጇ ነው የያዘችው፤ ግራዋ ከክርኗ ሥር ደገፍ አድርጎታል፤ ለእንግዳ በአክብሮት እንደሚሰጠው። ከጓዳው እስከ እኔ አምስት ስድስት እርምጃ ይሆናል። ጽዋው ይንቀጠቀጣል። ወተቱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እኔ ሳላውቀው ብድግ ብዬ ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

ቀጥ ብላ ቆመች። «ሀርካ ኬ ሂዺ!» አለችኝ።

እጄን ወደ ኋላ መለስኩ። ልክ ይኼኔ አማን ግንባሩን መታ። «እንዴ! ጁምዓ እኮ ነው! ታደሰ፣ ለእናንተ ዓርብ ጾም አይደለም እንዴ? ዘይነባ፣ ተዪው፣ እሱ አይጠጣም!»

እሷ አልሰማችውም፤ ዓይኗ ከጽዋው ላይ አልተነቀለም። እኔ አማንን በዓይኔ ዝም በል አልኩት። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፤ እኔ በልቤ እንደ ጋሽ ቃሲም እቆጥራለሁ። ፊቴ ደርሳ ስትቆም አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ከቀኝ እጇ በሁለት እጄ ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ጨለጥኩት።

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ ስለ አቶ በየነ ሁለት ጊዜ አልቅሼ ነግሬአቸዋለሁ። ያችን ዓርብ የጠጣኋትን ወተት ግን እስከ ዛሬ አልተናዘዝኩም።